አሜሪካኖችም ለእንጀራ ይሰደዳሉ

«ቆይ ግን፣ ሩሲያ ምን ልትሠራ ሄደች?»

ብሪትኒ ግራይነር የታሰረች ሰሞን የሰማው ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው ይህን ነበር። ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቁመቷ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር የሆነው አሜሪካዊቷ የቅርጫት ኳስ ኮከብ በፌብሯሪ 2022 ሞስኮ ሸረሜቴቮ ኤርፖርት ላይ ተያዘች። ሻንጣዋ ሲፈተሽ የካናቢስ ዘይት ያለበት ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ተገኘ። ዘይቱ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። ዘጠኝ ዓመት ተፈረደባት። በዲሴምበር አሜሪካ ታስሮ በነበረው ሩሲያዊ የጦር መሣሪያ ነጋዴ በቪክቶር ቡት ተለውጣ ወጣች።

ሁሉም ነገሩን በፖለቲካ ዓይን አየው። እኔ ደግሞ ዛሬም ድረስ የደመወዝ ጉዳይ ነው እላለሁ።

ግራይነር በ2013 ከአዲስ ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ ሆና ተመርጣ የሴቶቹን ሊግ፣ ደብሊው ኤን ቢ ኤን ተቀላቀለች። የመጀመሪያ ዓመት ክፍያዋ ወደ 50 ሺህ ዶላር ነበር። የውድድር ዘመኑ እንዳለቀ ቻይና ሄደች። እዚያ እንደተዘገበው 600 ሺህ ተከፈላት። ከዚያ የሩሲያዋ የካተሪንበርግ መጣች። ክለቡን የሚደጉመው ትልቅ የማዕድንና የብረታ ብረት ኩባንያ ነው። ክፍያዋ ከሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። እንግዲህ «ምን ልትሠራ ሄደች?» ለሚለው መልሱ ይኸው ነው።

ከሷ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የሌላዋ አሜሪካዊት ተጫዋች የዳያና ቶራሲ ነው። በ2015 ይኸው የየካተሪንበርግ ክለብ «ዘንድሮ አሜሪካ አትጫወቺ፣ አርፈሽ ተመለሺልን» አላት። ሀገሯ የምታገኘው ወደ 107 ሺህ ዶላር፣ ሩሲያ የምታገኘው ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። አረፈች። እስቲ አስቡት፣ ሌላ ቦታ እንዳትሠራ ብሎ የሚከፍል አሠሪ! በሊጉ ታሪክ ከምርጦቹ አንዷ የሆነች ሴት፣ ሀገር ቤት ያለው ሥራዋ ትርፍ ሰዓት መስሎ የታየበት ጊዜ ነው።

እኛ ደግሞ ይህን ጥያቄ በደንብ እናውቀዋለን። ቤሩት ወይም ሪያድ የሄደች እህታችን አንድ ነገር ሲደርስባት «ማን ሂጂ አላት?» የሚል አይጠፋም። አውቃለሁ፣ ሁለቱ አይወዳደሩም። አንዷ አስተርጓሚና ሹፌር ተመድቦላት የምትኖር ሚሊየነር ናት፣ ሌላዋ ፓስፖርቷ በማዳም እጅ ነው። ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም ጋ የሚቀርበው ለተሳሳተ ሰው ነው። መጠየቅ ያለበት ልጅቷ የተነሳችበት ቤት ነው።

ይህ ኑሮ ሰውነትንም ይበላል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት አሜሪካ፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ አውሮፓ። ዕረፍት የት አለ? ሌላዋ አሜሪካዊት ብሪያና ስቱዋርት በ2018 ከሲያትል ቡድን ጋር ዋንጫ በላች፣ የሊጉ ኮከብም ተባለች። በሚያዝያ 2019 ሀንጋሪ ሾፕሮን ላይ ለሩሲያው ዲናሞ ኩርስክ የዩሮሊግ (የአውሮፓ ክለቦች ውድድር) ፍጻሜ ስትጫወት የተረከዟ ጅማት ተበጠሰ። የ2019ን የአሜሪካ ውድድር በሙሉ ከዳር ሆና አየችው።

ሊጉ ታዲያ ምን አደረገ? እውነቱን ለመናገር፣ በ2020ው ስምምነት ደመወዝ ከፍ አድርጓል፤ ጣሪያው 215 ሺህ ዶላር ደረሰ። አብሮ ግን እግር የሚያስር ደንብ አመጣ። ከ2023 ጀምሮ ነባር ተጫዋች ከውጭ ዘግይታ ከመጣች እንድትቀጣ የሚል። በ2024 ደግሞ ልምምድ ሲጀመር ያልደረሰች ዓመቱን በሙሉ እንዳትጫወት የሚል። የቡድን ባለቤቶች ቅሬታ ይገባኛል። ኮከባቸው ደክማ፣ አንዳንዴም ተጎድታ ነው የምትመጣላቸው። ግን ሠራተኛዬ ሌላ ቦታ ሄደች የሚል አሠሪ መጀመሪያ የራሱን የደመወዝ መዝገብ ይግለጥ። ይኸው ሊግ እኮ የኒውዮርክ ቡድን በ2021 ተጫዋቾቹን በቻርተር (ለብቻ በተከራየ) አውሮፕላን ስላጓጓዘ 500 ሺህ ዶላር የቀጣ ነው! ለሌሎቹ ቡድኖች አድልዎ ይሆናል ተብሎ።

ደንቡ ደግሞ ያገኘው አሜሪካውያንን ብቻ አይደለም። ቤልጂየማዊቷን ኤማ ሜስማንን ውሰዱ። ለሷ ውጭ ሀገር ማለት አሜሪካ ነው። በ2019 የዋሽንግተን ቡድን የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ የፍጻሜው ኮከብ እሷ ነበረች። በ2023 እና በ2024 ግን አሜሪካ አልተጫወተችም። የቱርኩ ፌነርባህቼና ብሔራዊ ቡድኗ በቂዋ ነበሩ።

መፍትሔው የመጣው ከተጫዋቾቹ ነው። ስቱዋርት ከሌላዋ ተጫዋች ከናፊሳ ኮሊየር ጋር ሆና በጃንዋሪ 2025 ማያሚ ላይ አንራይቫልድ የሚባል የሦስት ለሦስት ሊግ ጀመረች። በመጀመሪያው ዓመት አማካይ ክፍያው ከ220 ሺህ ዶላር በላይ ነበር ተብሏል፣ ያውም ለጥቂት ሳምንታት። ማሰሪያ ደንብ አላስፈለጋቸውም። ከፈሉ፣ ተጫዋች መጣ።

ወደ ግራይነር ልመለስ። ሞርዶቪያ በሚገኘው ማረሚያ ቤት እስረኞቹ የወታደር ልብስ ይሰፋሉ። እሷ ለስፌት መኪናው ስለረዘመች ጨርቅ ተሸካሚ ሆነች። ፀጉሯን በታጠበች ቁጥር ብርዱን ስላልቻለችው ድሬዷን ቆረጠችው። ከተፈታች በኋላ ቴክሳስ ውስጥ ኳስ ሲሰጧት የመጀመሪያ ሥራዋ ዳንክ (ዘሎ ኳሱን ቀለበቱ ውስጥ በእጅ መክተት) ነበር።

በሚያዝያ 2023 ጋዜጠኞች ፊት ቀርባ፣ ከብሔራዊ ቡድን በቀር ውጭ ሀገር ዳግመኛ እንደማትጫወት ተናገረች። ተጫዋቾች የሚሰደዱት በክፍያው ልዩነት መሆኑንም አልደበቀችም። ያን ዓመት ከአሜሪካ ቡድኗ ከፊኒክስ ጋር የፈረመችው ውል 165,100 ዶላር ነው ተብሏል።