ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት የማይጀመረው ስብሰባ

የእንግሊዝ የገጠር አጥቢያ ምክር ቤቶች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የያዟቸውን ቃለ ጉባኤዎች የሚያገላብጥ ሰው ገና በጥቂት ገጾች ሊሰለች ይችላል። የመንደሩ የውኃ ፓምፕ ይጠገን፣ ኩሬው ይጠረግ፣ በእርሻ መካከል የሚያልፈው የእግር መንገድ ይታይ፤ ከወር እስከ ወር የሚነሣው ይኸው ነው። የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ሎርድ ሳልዝበሪ ምክር ቤቶቹ ሳይቋቋሙ፣ የተፈለገው የገጠሩን ሰው ማዝናናት ከሆነ ሰርከስ እንደሚሻል ተናግረው ነበር። እኔ እኚህ ሰው ክፉኛ ተሳስተዋል ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም ያው አሰልቺ የሚመስለው ሥራ ነው።

ቀድሞ የአጥቢያው ጉዳይ የሚመከርበት ጉባኤ ቬስትሪ ይባል ነበር፤ ስሙን ያገኘው ካህናት ልብሰ ተክህኖ ከሚለብሱበት የቤተ ክርስቲያን ክፍል ነው። የሚመሩት የደብሩ ቄስ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1818 የወጣው ሕግ ደግሞ ድምፅን በንብረት መዝኖት ነበር፦ የንብረቱ ዓመታዊ ግምት ከ50 ፓውንድ በታች የሆነ ሰው አንድ ድምፅ ሲኖረው፣ ከዚያ በላይ ለያንዳንዱ 25 ፓውንድ አንድ እየተጨመረለት ባለጠጋው እስከ 6 ድምፅ ይደርስ ነበር። የቀን ሠራተኛው ገበሬ በእንዲህ ያለው ጉባኤ ፊት ምን ያህል ይደፍር እንደነበር መገመት አያዳግትም።

የ1894ቱ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ይህን ለወጠው። ግላድስቶን በፓርላማ ያደረጉት የመጨረሻ ንግግር፣ የፓርላማው የላይኛው ክፍል የሆነው የጌቶች ምክር ቤት በዚሁ ሕግ ረቂቅ ላይ ባደረገው ማሻሻያ ምክንያት የተነሣ ነበር፤ አራት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነ ሰው የፓርላማ ዘመኑን በመንደር ምክር ቤት ጉዳይ መዝጋቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። በሕጉ መሠረት 300ና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያለው የገጠር አጥቢያ ከ5 እስከ 15 አባላት ያሉት ምክር ቤት እንዲመርጥ ሆነ። ለአንድ ሰው አንድ ድምፅ ተሰጠ፤ ሴቶችም፣ ያገቡትም ጭምር፣ ለፓርላማ መምረጥ ከመቻላቸው 24 ዓመት ቀድመው ለመንደራቸው ምክር ቤት የመመረጥ መብት አገኙ።

ከሁሉ የሚያስደስተኝ ግን አንድ ትንሽ ድንጋጌ ነው፤ የአጥቢያው ነዋሪዎች ጠቅላላ ስብሰባ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት እንዳይጀመር ሕጉ ከለከለ። ቀኑን ሙሉ በሰው ማሳ ላይ የዋለ ሠራተኛ ደመወዙን ሳያጣ መምጣት የሚችለው ማታ ብቻ ነውና፣ ሰዓቱን ያስተካከለ ሰው መብትን በወረቀት ከመስጠት አልፎ በሩን ከፍቶለታል ማለት ነው።

በዚህ ዓይን ሲታይ የእግር መንገዱም ተራ ነገር አይደለም። ባለርስቱ በመሬቱ ላይ የሚያልፈውን የሕዝብ መንገድ ማዘጋት ወይም ማዛወር ቢሻ፣ ከ1894 በኋላ የአጥቢያውም የወረዳውም ምክር ቤት ፈቃድ ያስፈልገው ጀመር። ሠራተኛው ድንችና ጎመን የሚተክልበት ቁራሽ መሬት ሲያጣና ባለመሬቶች በፈቃዳችን አናከራይም ሲሉም፣ የአጥቢያው ምክር ቤት የአውራጃው ምክር ቤት እንዲያስገድድለት ማመልከት ይችል ነበር። ለአንድ ቤተሰብ ይህ የክረምት ቀለብ ጉዳይ ነው።

ጉድለቱ አይካድም። ምክር ቤቱ ያለ ነዋሪዎቹ ስብሰባ ስምምነት ከአንድ ፓውንድ የንብረት ግምት ላይ ከ3 ፔንስ በላይ ግብር ማስከፈል አይችልም ነበር፤ ፓውንዱ 240 ፔንስ በሆነበት ዘመን ይህ ለፓምፕ ጥገና እንጂ ለትልቅ ሥራ አይበቃም። ከዚህ የከፋው ምርጫው በቅድሚያ እጅ በማውጣት መካሄዱ ነው። የምስጢር ድምፅ መጠየቅ ቢቻልም፣ ጎጆውን የሚያከራየውና ቀን የሚያሠራው ጌታ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ እጅ ማውጣት፣ ወይም ምስጢር ይሁንልን ብሎ መነሣት ቀላል አልነበረም። በብዙ መንደሮችም ቄሱና ባለርስቱ በአዲሱ ምክር ቤት ወንበር ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

ያም ሆኖ ከእነርሱ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሠራተኞችና የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ሕጉም ማንኛውም የአጥቢያው መራጭ የምክር ቤቱን መዝገብና ሒሳብ ያለ ክፍያ እንዲያይ፣ ቢፈልግም እንዲገለብጥ ፈቅዶ ነበር። የፓምፑ ጥገና ስንት እንደፈጀ ለማወቅ የፈለገ የቀን ሠራተኛ፣ ማንንም ሳይለማመጥ ያንኑ አሰልቺ መዝገብ ገልጦ ማንበብ ይችል ነበር።