ይድረስ ስሙን ለቀየረው የቤት ጉዳይ መሥሪያ ቤታችን አዲስ መዋቅር፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ እንኳን ደኅና መጡ ማለትን ይመለከታል።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ በየትኛው ስምዎ እንደምጽፈው ሳወጣና ሳወርድ ሁለት ቀን አልፏል፤ ባለፈው ሰኞ በቀድሞ ስምዎ የተጻፈ ወረቀት ይዤ ቀርቤ የደረሰብኝን ሰልፈኛው ሁሉ አይቷልና።

ለቤት ማኅበራችን ጉዳይ «ቤት እንደሌለዎት የሚገልጸውን የቀበሌ ማስረጃ አድሰው ያምጡ» በተባልሁት መሠረት፣ ወረቀቴን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ በደብረ ብርሃን የማለዳ ውርጭ ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ በር ላይ ቆምሁ። መስኮቱ የተከፈተው አራት ሰዓት ላይ ነው። ወጣቷ ባለሙያ አድራሻውን አነበበችና ድምጿን ከፍ አድርጋ «ጋሼ፣ ያስጻፉለት መሥሪያ ቤት እኮ የለም፤ ፈርሷል» አለችኝ። በሩም፣ መስኮቱም፣ እርሷም በቦታቸው ነበሩ፤ የተነሣው ታፔላው ብቻ ነው። ሰልፉ ሳቀ። ወደ ቀበሌ ተመልሼ፣ ሥራ አስኪያጁን ከስብሰባ እስኪወጡ ጠብቄ፣ በአዲሱ ስም አስጽፌ ከሰዓት በኋላ ብመጣ፣ አሮጌው ማኅተም እንደተሻረ፣ አዲሱ ገና እንዳልተቀረጸ፣ ፋይሌም ወደ ሌላ ቢሮ እንደተዛወረ፣ ይዞት የሄደው ባለሙያ ደግሞ የሠራተኞች ድልድሉ እስኪወጣ ወንበር እንደሌለው ተነገረኝ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ጉዳዬ በሃያ ደቂቃ እንደሚያልቅ ከሚናገረው የዜጎች ቻርተር ሥር ቆሜ ነው።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠመኔ የጨበጥሁ ሰው ነኝ፤ ሰልፉ ሲስቅብኝ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቀልዱ አስቆኝ አይደለም፤ ብቆጣ ፋይሌ እስከ ወዲያኛው ይጠፋል ብዬ ፈርቼ ነው። ከደመወዜ እየቀነስሁ እንዳላወጣው በታገደ ዝግ የባንክ ሒሳብ ያስቀመጥሁት ገንዘብ ያኔ ቤት ያቆም ነበር፤ ዛሬ መሠረት አያወጣም። በገዛ ገንዘቤ እየተንቀጠቀጥሁ ያሳቀኝ ማን ነው?

በእርግጥ ስም መለዋወጡን ከላይ የወረሱት ነው ቢሉኝ አምናለሁ። በፌዴራል ደረጃ በ2008 ዓ.ም. «የከተማ ልማትና ቤቶች» የሚባል ሚኒስቴር ነበረን፤ በ2011 ዓ.ም. «የከተማ ልማትና ኮንስትራክሽን»፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ «የከተማና መሠረተ ልማት» ተባለ። ቤት እንኳን ከመሬቱ ከታፔላውም ወጣ። ታላላቅ ወንድሞችዎ፣ የመሥሪያ ቤት አሠራርን እንለውጣለን ያሉት ቢፒአርና ቢኤስሲም በመጡበት ዘመን ያው ቅጽ በአዲስ ቁጥር ተሞልቷል።

ልጄን በተመለከተ፣ በኮብልስቶን ሥራ ላይ ለአሥራ አንድ ቀን ድንጋይ ስላቀበለች ሥራ ከተፈጠረላቸው ወጣቶች ተርታ ተቆጥራለች፤ እናመሰግናለን።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚቀጥለው ስምዎ ታፔላ ላይ ሳይወጣ በጆሮዬ ሹክ ይበሉኝ፤ የቀበሌው ማስረጃ የሚያገለግለው ለሦስት ወር ነውና።

ከአክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት፣ ካልተዛወረ