ማስተካከያ፦ ስታርትአፕና አነስተኛ ንግድን በተመለከተ

ቀደም ሲል ባወጣነው ጽሑፍ «ስታርትአፕ ማለት በቅርቡ የተቋቋመ አነስተኛ ንግድ ነው» ማለታችን ስህተት ስለሆነ እንደሚከተለው ታርሟል።

ሁለቱን የሚለያቸው ዕድሜያቸው ወይም የሠራተኞቻቸው ብዛት ሳይሆን የተነሡበት ዓላማ ነው። እንደ ልብስ ስፌት ያለ አነስተኛ ንግድ አሠራሩ አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑ ቶሎ ወጪውን ሸፍኖ እንዲያተርፍ ይጠበቃል፤ ስታርትአፕ ግን ምርቱን ማን እንደሚገዛውና ገቢው ከየት እንደሚመጣ ገና እየፈተሸ፣ ከተሳካለትም ወጪው በዚያው ልክ ሳይጨምር እጅግ ብዙ ደንበኞችን ለመድረስ የሚያልም ድርጅት ነው። በጎርጎርዮሳውያኑ 1994 የተመሠረተው የኢንተርኔት መገበያያ ድርጅት አማዞን ዓመቱን በትርፍ የዘጋው ለመጀመሪያ ጊዜ በ2003 ነበር፤ ይህን ያህል ዓመት የሚዘልቅ ኪሳራ አንድ የስፌት ቤት ሊሸከመው አይችልም።

«ለሁለቱም የባንክ ብድር ይበጃል» ማለታችንም አሳሳች ነበር። ብድር በየወሩ የሚከፈል ስለሆነ ቋሚ ገቢ ላለው ንግድ ይስማማል፤ ገቢው ገና ያልታወቀ ስታርትአፕ ግን በአብዛኛው በገንዘቡ ምትክ የድርጅቱን ድርሻ ወስዶ የኪሳራውን ሥጋት አብሮ የሚጋራ ባለሀብት ይፈልጋል።

በቴክኖሎጂ ዘርፍ መሰማራት ብቻውን ስታርትአፕ አያሰኝም፤ ለጥቂት ደንበኞች ድረ ገጽ የሚሠራ ድርጅት፣ ባለቤቱ ምንም ብሎ ቢጠራው፣ አነስተኛ ንግድ ነው።