ዓይኔ እያየ ሰበረው

ሰበረው! በሁለት እጁ ይዞ አጎበጠውና ቀጭ። አሁን ቤት መግባቴ ነው፣ ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው።

የባሌት ጫማዬ ጥቅል መጣ ብያችሁ የለ? እሱን ላወጣ ሄድኩ። ጥቅል የሚፈትሸው ሰውየ ካርቶኑን በምላጭ ቀደደና አንዱን ጫማ እያገላበጠ ያየው ጀመር።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የባሌት ጫማ ነው፣ ጋሼ።»

«ጫፉ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የደረቀው? ውስጡ ምን አለ?»

«ጨርቅና ወረቀት ነው፣ በሙጫ የተደራረበ። በጣታችን ጫፍ ስንቆም እሱ ነው የሚይዘን።»

«በጣት ጫፍ!» ጎኑ ያለውን ልጅ ጠቀሰው። «የትኛው ጭፈራ ቤት ነው የምትሠሪው?»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እናቴን የምታህል ሴትዮ እንኳን ሳቀች! «እባክዎ ጋሼ፣ እንዳያጥፉት» አልኩ። «ምን ይሆናል? ጫማ አይደል?» አለና ቀጭ አደረገው።

አዎ፣ እኛም አዲስ ጫማ እናለሳልሳለን። ግን ቀስ ብለን፣ እግራችን በሚታጠፍበት ቦታ ነው። እሱ ወገቡ ላይ ነው የሰበረው። የውስጡ ድጋፍ ያለቦታው ከተሰበረ ጫማው አይሸከመኝም። ቁርጭምጭሚቴን ይዞት ይሄዳል። ክራር ቢሆን አንገቱን ይዞ እንዲህ ያደርገው ነበር?

ደግሞ ቡናማ ነበር እኮ! ስንት ዘመን የባሌት ጫማ ማለት ሮዝ ማለት ነበር። ጫማ ሠሪው ፍሪድ ኦፍ ለንደን ባሌት ብላክ ከሚባለው የዳንስ ቡድን ጋር ሆኖ ቡናማውን ያወጣው ገና እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ጥቁር ዳንሰኞች ሮዙን በፋውንዴሽን፣ በፊት መቀቢያው፣ እየቀቡ ነው የኖሩት። እኔም እስከ ዛሬ ለፊቴ ሳይተርፈኝ ጫማዬን ስቀባ ኖሬያለሁ። በገላዬ ቀለም የተሠራ ሳገኝ ይሄ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጭፈራ ቤት ብሠራስ ምን አገባው? ሰው ሠርቶ ነው የሚበላው። ግን እኔ ሐዋሳ ሳትነቃ የመስኮቱን ብረት ይዤ ፕሊዬ፣ ጉልበት አጠፋውን፣ እጀምራለሁ። ከዚያ ታንዱ። እግሬ ወለሉን ሳይለቅ ተስቦ ይወጣል፣ ይመለሳል። ከውጭ ለሚያይ ምንም አይደለም። እኔ ግን ዳሌዬ ዞሯል ወይ፣ ጉልበቴ ተወጥሯል ወይ፣ ትንሿ ጣቴ የት ናት እያልኩ ነው። አንዳንድ ቀን ሁሉም ይገጥምልኛል። ለአፍታ ክብደት የሚባል ነገር አይኖረኝም። ለዚያች አፍታ ነው የምለፋው። ለማን ላስረዳ?

የምንለማመድበት አዳራሽማ አይነሳ። ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ሥሩ ኮንክሪት። ባሌት ዝላዩን የሚውጥ የእንጨት ወለል ይፈልጋል። እዚህ ዝላዩን የሚውጠው ቅልጥማችን ነው። አዳራሹም ቢሆን ሰርግ ሲመጣ «ውጡ» ነው። ባለፈው አብረውን የሚለማመዱትን ሕፃናት ከአቶቴ ሰፈር በባጃጅ አምጥተን በር ላይ ቀረን!

አክስቴ ደግሞ «ዕድሜሽ ሄደ፣ ይሄ በልጅነት ነው» ትለኛለች። ሚስቲ ኮፕላንድ በ13 ዓመቷ ስትጀምር ለባሌት ዘግይታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ግን የአሜሪካን ባሌት ቲያትር ዋና ዳንሰኛ ሆነች። በዚያ ቡድን ታሪክ በዚያ ደረጃ የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። እሺ፣ እኔ እሷን አልሆንም ይሆናል። ታዲያ ልተወው?

ደክሞኛል፣ እውነቴን ነው። ካሳ አልጠየቅኩም። አንዲት «ይቅርታ» ብትወጣው በቂዬ ነበር። እሱ ግን «ፈርሚ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለኝ። ፈረምኩ። ምን ላይ? «ዕቃውን በደህና ተረክቤያለሁ» የሚል ወረቀት ላይ! አንጀቴ አረረ።

አንደኛው እግር ደህና ነው። የተሰበረውን በሱፐር ግሉ እሞክረዋለሁ። እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳም ሆነ መናኸሪያ አካባቢ እጁ የረቀቀ ጫማ ሠሪ የምታውቁ በውስጥ አውሩኝ። ሚስማር እመታበታለሁ የሚል ከሆነ ግን ይቅርብኝ።