የታማሚው ኢሙኒቲ ምን በደለ?

ሰሞኑን ከአንድ የጤና ፕሮግራም የተቆረጠች ቪዲዮ ስልክ ለስልክ ስትዞር ከረመች። እንግዳው ዘና ብለው «ካንሰር የሚይዘው ኢሙኒቲው የደከመ ሰው ነው። ኢሙኒቲያችሁን ገንቡ፣ ዕጢው ራሱ ሟሽሾ ይጠፋል» አሉን። ኢሙኒቲ የሚሉት የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም ነው። አቅራቢው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ማስታወቂያ ገባ። የምን ማስታወቂያ? በጠርሙስ የታሸገ «ኢሙኒቲ ገንቢ»።

ስህተት መሆኑ አንድ ነገር ነው። እኔን ያንገበገበኝ ግፉ ነው። ኬሞ ላይ ላለ ሰው «ራስህ ደክመህ ነው እንጂ» ማለት እኮ ነው፣ በጨዋ አነጋገር።

አንድ ነገር ልቀበላቸው። የአካል ንቅለ ተከላ ተደርጎላቸው የመከላከል አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችና ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው ለአንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች ይበልጥ ይጋለጣሉ። አለቀ። ከዚህ ተነስቶ ካንሰር የያዘውን ሁሉ ደካማ ማለት ድፍረት ነው።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ከሽንት ፊኛ ካንሰር የተወሰደ ናሙና ማይክሮስኮፕ ስር ሲታይ፣ በአንዳንዱ ዕጢ ዙሪያ ቲ ሴሎች ይርመሰመሳሉ። ካንሰርን የሚገድሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ማለት ናቸው። ቁጥራቸው አላነሰም። ግን ዕጢውን በከበበው ጠንካራ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ተቀርቅረዋል። በር ተዘግቶበት ውጭ እንደተሰለፈ ሰው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት የምርምር ቡድኖች አንድ ተጠያቂ ጠቆሙ፦ ቲጂኤፍ ቤታ የሚባለውን ፕሮቲን። አይጦች ላይ እሱን አግደው ከኢሙኖቴራፒ (የመከላከያ ሕዋሳት ዕጢውን እንዲያጠቁ ከሚያደርገው ሕክምና) ጋር ሲያጣምሩት፣ ውጭ የቀሩት ቲ ሴሎች ገቡ። ዕጢውም አነሰ።

ታዲያ ደካማው ማን ነው?

ቲጂኤፍ ቤታ ባዕድ ነገር አይደለም፤ የገዛ ሰውነታችን የእድገት መልእክተኛ ነው። ቁስል እንዲሽር ያግዛል። የመከላከያ ሕዋሳት ሥራቸውን ሲጨርሱ «በቃ፣ ተረጋጉ» ይላቸዋል። ጤነኛ ሕዋስ ያለልክ እንዳይባዛም ይገታል። መጀመሪያ ላይ ዕጢውንም ይገታዋል። በኋላ ግን ዕጢው ትእዛዙን መስማት ያቆማል። በቆሽት ካንሰር ግማሽ ያህሉ ላይ መልእክቱን ተቀብሎ የሚያስተላልፈው ስማድ 4 የተባለው ዘረመል ተበላሽቶ ወይም ጠፍቶ ይገኛል። ዕጢው አይሰማም፣ ቲ ሴሎቹ ግን ይሰማሉ። እሱ እየተባዛ እነሱ «ተረጋጉ» ይባላሉ። እነሱም ይታዘዛሉ፤ ጤነኛ ስለሆኑ! ይህን ነው «ደካማ ኢሙኒቲ» ብለው የሚጠሩልን።

ቲጂኤፍ ቤታ ብቻውንም አይደለም። ለዕጢው የደም ስር የሚያስዘረጋው ቪኢጂኤፍ፣ ጠላትን ለቲ ሴሎች የሚያሳዩት ሕዋሳት እንዳይበስሉ ያደርጋል። ኢጂኤፍአር የተባለው የእድገት ምልክት ተቀባይ ከልክ በላይ ሲሠራ ደግሞ፣ አንዳንድ የሳንባ ካንሰሮች ቲ ሴልን የሚያደነዝዘውን ፒዲኤል 1 በላያቸው ላይ ያበዛሉ።

«ማጠንከር» የሚሏት ቃል ራሷ ታስፈራኛለች። እ.ኤ.አ. በ2006 ለንደን ውስጥ ቲ ሴሎችን የሚያነቃቃ አዲስ መድኃኒት ለ6 ጤነኛ ፈቃደኞች ተሰጠ። በሰዓታት ውስጥ አካላቸው ተቃወሰ፤ ስድስቱም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ነፍሳቸው የተረፈው በሐኪሞች ርብርብ ነው። ኢሙኒቲ በጅምላ ሲቀሰቀስ እንዲህ ነው። ደግነቱ፣ የጠርሙሱ ፈሳሽ ያን ያህል አቅም ያለው አይመስለኝም።

የሚሠራው ሕክምና ሌላ መንገድ ነው የሄደው። እ.ኤ.አ. በ2020 ለተስፋፋ የጉበት ካንሰር የጸደቀው ጥምር ሕክምና አንዱ መድኃኒት ፒዲኤል 1ን ያግዳል፣ ሌላው ቪኢጂኤፍን። ታማሚውን «ጠንክር» አላለውም። የዕጢውን አፍ ነው የዘጋው።

«ቲጂኤፍ ቤታን የሚያግደው መድኃኒትስ የት ደረሰ?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ እሱንና ፒዲኤል 1ን በአንድ ላይ እንዲያግድ የተሠራ መድኃኒት በሳንባ ካንሰር ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 ሙከራው ተቋርጧል። እና? አንድ መድኃኒት ወደቀ ማለት ቲጂኤፍ ቤታ የሚያስተላልፈው ምልክት የለም ማለት ነው እንዴ? ያ መድኃኒት ቢያንስ ለፈተና ቀርቧል። የጠርሙሱ ባለቤቶች መቼ ቀረቡ? የትኛውን ምልክት፣ በየትኛው ዕጢ ላይ፣ በምን መጠን እንደሚዘጋ ይንገሩን። እስከዚያው ድረስ ግን ከማስታወቂያቸው ላይ «ካንሰር» የሚለውን ቃል ያውጡልን።