ያልቀረበውን ሰነድ ማን ይጠይቃል?

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ባሉ የሐበሻ የታክስ ቢሮዎች ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል 15 ብዙውን ሰዓት የሚበላው ቁጥር መልቀም ነበር። ዛሬ ደንበኛው ደረሰኙን በስልኩ አንስቶ፣ የባንክ ስቴትመንቱንም አያይዞ ይልካል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተገጠመለት ሶፍትዌር ቀኑን፣ የሻጩን ስምና መጠኑን አንብቦ በየወጪው ዓይነት ይመድበዋል። ይህ መልካም ነው። የሚያሳስበኝ፣ ወረቀቱን ለመረካከብ ሲቀመጡ ይደረግ የነበረው ጥያቄና መልስ አብሮ መቅረቱ ነው።

በኡበር የሚሠራ ሰው እንውሰድ። የሚላክለት 1099-ኬ ቅጽ ተሳፋሪዎች የከፈሉትን ጠቅላላ ገንዘብ ያሳያል፤ ኩባንያው የሚያስቀረው ኮሚሽንም በውስጡ አለ። ባንክ የገባው ግን ከተቆረጠ በኋላ ያለው ነው። ሶፍትዌሩ የባንኩን ብቻ ከያዘ ለአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት ለአይአርኤስ ከተላከው ቅጽ ጋር አይገጥምም። ሁለቱንም ገቢ ብሎ ከያዘ ደግሞ ሰውዬው ላላገኘው ገንዘብ ይከፍላል፤ በግል ሥራ ላይ የሚጣለው 15.3 በመቶም ይታከልበታል። ትክክለኛው መንገድ የግል ሥራ ገቢና ወጪ በሚሞላበት ቅጽ፣ በስኬጁል ሲ ላይ ጠቅላላውን በገቢ መያዝ፣ ኮሚሽኑንም ከኩባንያው ዓመታዊ ማጠቃለያ አውጥቶ በወጪ ማስገባት ነው። በመኪና ወጪ ላይም ተመሳሳይ አደጋ አለ። ለ2025 በማይል 70 ሴንት የሚታሰበው ተመን ቤንዚንን፣ ጥገናን፣ ኢንሹራንስንና የመኪናውን እርጅና ያጠቃልላል። ሶፍትዌሩ ግን የማደያ ደረሰኝ ባየ ቁጥር የመኪና ወጪ ብሎ ስለሚመድብ፣ ማይሉም ከተያዘ አንዱ ወጪ ሁለቴ ይቀነሳል። ለሥራ የተከፈለ ቶልና ፓርኪንግ ግን ከማይሉ በተጨማሪ ይያዛል።

ሌላው እቁብ ነው። በአንድ ሳምንት ከብዙ ሰው በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ ገንዘብ መላኪያ) የገባ 20,000 ዶላር ለማሽን ገቢ ይመስለዋል። የራስ ቁጠባ ወይም ገና የሚከፈል ዕዳ መሆኑ የሚታወቀው «ይህ ገንዘብ ከምን መጣ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ጭራሽ ያልቀረበው ሰነድ ነው። የአሜሪካ ታክስ ከፋይ የሆነ ሰው ውጭ አገር ያሉት ሂሳቦች ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ፣ ኤፍባር የሚባለውን ሪፖርት ማቅረብ አለበት፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። ሶፍትዌሩ «የውጭ አገር ሂሳብ አለዎት?» የሚል ሳጥን ያቀርብ ይሆናል። አዲስ አበባ ለቤት መሥሪያ ብር ያጠራቀመ ሰው ግን ያንን የውጭ አገር ሂሳብ ብሎ አያስበውም፤ የገዛ አገሩ ነዋ! «አገር ቤት ባንክ ያስቀመጥከው አለ ወይ?» ብሎ በሚገባው ቋንቋ የሚጠይቀው አካውንታንቱ ነው።

ደንበኛውም አስቀድሞ ከቻትጂፒቲ ጋር ተማክሮ መምጣት ጀምሯል። «ለእናቴ በየወሩ ስለምልክ በጥገኝነት ያስገቡልኝ» ይላል። በጥገኝነት የሚመዘገበው ግን የአሜሪካ ዜጋ፣ ወይም የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ የሆነ ነው። ማሽኑ ወላጅን ስለመጦር የመለሰው ልክ ሊሆን ይችላል፤ እናትየው ጎንደር እንደሚኖሩ ካልተነገረው ግን መልሱ ለዚህ ደንበኛ አይሠራም። አካውንታንቱ መልሱን ከማጣጣል ይልቅ ከደንበኛው ጋር አብሮ ቢያነበው የጎደለው ወዲያው ይታያል፤ መተማመኑም አይጎዳም።

አዲስ አበባ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ብዙ ድርጅት ዛሬም ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ይሠራል። አካውንታንቱ በነጋዴውና በገቢዎች መካከል የቆመ ሰው ነው፤ ቫት በየወሩ ለገቢዎች ማሳወቅ ስላለበትም ነጋዴውና አካውንታንቱ ሳይገናኙ አይከርሙም። እዚያ ማሽኑን የሚያሰናክለው ራሱ ሰነዱ ነው። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት በሙቀት ስለሚታተም ይደበዝዛል፤ ደረሰኙ በመጣበት ቀን ፎቶ መነሳት አለበት። በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ ላይ 05/11/2017 ካለ ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት ነው። ማሽኑ በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቦት ወጪውን ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይወስደዋል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ግን ደረሰኙ የ2018 ነው። የአንድ አቅራቢ ስም በላቲን ፊደል በየዓይነቱ ስለሚጻፍ ማመሳከሪያው የግብር ከፋይ መለያው፣ ቲን ቁጥር ይሁን። ጠቅላላው ለ1.15 ሲካፈል ከቫት በፊት ያለውን ዋጋ ካልሰጠ አንድ አኃዝ በስህተት ተነቧል፣ አለዚያም ከቫት ነፃ የሆነ ዕቃ ተቀላቅሏል።

አሜሪካ ያሉት ቢሮዎች በየወሩ ከደንበኛ ጋር ከመገናኘት ልማድ ቢወስዱ እመኛለሁ። ለግል ሠራተኛ የቅድሚያ ታክስ ክፍያ ጁን 15 እና ሴፕቴምበር 15 አለ፤ ማሽኑ ካተረፈው ሰዓት ግማሽ ሰዓቱ ከእነዚህ ቀናት በፊት ለደንበኛው ስልክ መደወያ ይዋል።

የደንበኛን ሰነድ በነፃ ቻትቦት ላይ መለጠፍ በሁለቱም አገር መቆም አለበት። በአሜሪካ የታክስ መረጃን ሕጉ ከሚፈቅደው ውጭ፣ ያለ ደንበኛው ስምምነት አሳልፎ የሰጠ ታክስ ሠሪ እስከ አንድ ዓመት ሊታሰር ይችላል፤ በኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የትኛው ሶፍትዌር ሰነዱን እንደሚያነብ፣ ንባቡን ማን እንደሚያጣራና ሪፖርቱ ላይ ማን እንደሚፈርም ሥራው ሳይጀመር በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ደንበኛውም አንብቦ ይፈርምበት።