ኧረ እባካችሁ፣ ለሕፃን ስጦታ ስትገዙ መጀመሪያ ዕድሜውን ጠይቁ

የልጅ ልደት በተጠራ ቁጥር ያው ነው። ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ የሚንጫጫ፣ መብራቱ ዓይን የሚያጠፋ የፕላስቲክ መኪና በሚያብረቀርቅ ወረቀት ተጠቅልሎ ይመጣል። ልጁ ሁለት ቀን ያየዋል፤ በሦስተኛው ቀን ጎማው ወልቆ አፉ ውስጥ ይገኛል። ከዚያ ወዲያ ቦታው አልጋ ስር ነው። በዚያ ብር ስንት ነገር ይገዛ ነበር! ስጦታ የሚመረጠው ልጁ ምን ያደርግበታል ተብሎ ሳይሆን እንግዳ ፊት ሲፈታ ያምራል ተብሎ ነው፤ የሚያንገበግበው ይሄ ነው።

ካርቶኑ ላይ ያለችውን ምልክት የሚያያት የለም። ቀይ ክብ፣ ውስጧ የሕፃን ፊትና 0-3 የሚል ቁጥር፣ በላዩ ላይ ሰያፍ መስመር። “ልጁ ጎበዝ ነው፣ ይችለዋል” ተብሎ ይታለፋል። ምልክቷ ስለ ጉብዝና አይደለም የምታወራው! ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል፤ ይሄ ዕቃ ደግሞ ሊያንቀው የሚችል ትንሽ ነገር አለው ማለቷ ነው። ከውጭ የሚላከው ደግሞ ይብሳል። ሻንጣው እንዳይሞላ ካርቶኑ እዚያው ይጣላል፣ ማስጠንቀቂያውም አብሮ ይቀራል።

ካርቶን ከሌለ እቤት የሚለካበት መንገድ አለ። ሶፍት ሲያልቅ መሃሉ ላይ የሚቀረውን የካርቶን ቱቦ ያዙ። አሻንጉሊቱ ወይም ከሱ የሚነቀል ማናቸውም ነገር በቱቦው ካለፈ፣ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም። ከዚያ ዓይኑን ሳቡት፣ ጎማውን ጠምዝዙት፣ ስፌቱን ወጥሩት። በእናንተ እጅ የወለቀ በልጅ ጥርስም ይወልቃል። ፊኛም አታስቀምጡለት፤ ሲፈነዳ ቁራጩ ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ ትንፋሽ ይዘጋል፣ በጣት ላውጣ ሲባል ደግሞ ወደ ውስጥ ይገፋል። ልደቱ እንዳለቀ ወለሉ ላይ የወደቀውን ቁርጥራጭ ልቀሙ።

ከሁሉ የምታስፈራው ግን ያቺ እንደ ሳንቲም የምታብለጨልጭ ክብ ባትሪ ናት። የሚዘፍነው የልደት ካርድ ውስጥ አለች፣ መብራት ያለው ርካሽ አሻንጉሊት ውስጥ አለች፣ ትንሿ ሪሞት ውስጥ አለች። ልጅ ውጧት ጉሮሮው ላይ ከቆመች፣ እርጥበቱን አግኝታ ኤሌክትሪክ ታስተላልፋለች። በዚህ ምክንያት ዙሪያዋን እንደ በረኪና የሚያቃጥል ነገር ይፈጠራል፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ክፉኛ ልታቃጥለው ትችላለች። 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት የሊቲየም ባትሪ የባሰች ናት። “አልቋል” ተብሎ መሳቢያ ውስጥ የተወረወረውም አይታመንም፤ አሻንጉሊት ማስጮህ ያቃተው ባትሪ ጉሮሮ ለማቃጠል አያንስም። ምልክቱ ጉንፋን ይመስላል፦ ሳል፣ ለሃጭ፣ ምግብ እምቢ ማለት። ከጠረጠራችሁ እስከ ነገ አትጠብቁ፣ ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ወዲያው ሂዱ። አታስመልሱት፣ ምግብም አትስጡት። ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ፣ ከዋጠ 12 ሰዓት ካላለፈውና መዋጥ ከቻለ፣ እየሄዳችሁ በየ10 ደቂቃው 2 የሻይ ማንኪያ ማር ስጡት፣ ከ6 ጊዜ አይበልጥ። ማር ፍለጋ ግን አንድ ደቂቃ አታባክኑ። ከ1 ዓመት በታች ላለ ልጅ ማር አይሰጥም።

ዎከርንም፣ ያን ልጅ ውስጡ ገብቶ በእግሩ የሚገፋውን ባለ ጎማ ዕቃ፣ ተዉት። “ቶሎ እንዲሄድ” ተብሎ ይገዛል፣ ቶሎ ግን አያስኬድም። ልጁ በእግሩ ጣት እየገፋ ሲንሸራተት፣ የሚድህበትና ይዞ የሚነሣበት ጊዜ ይባክናል። በዚያ ላይ ደረጃ ላይ ይዞት ይወርዳል፣ ከሰል ምድጃው አጠገብ ያደርሰዋል። ካናዳ በ2004 እ.ኤ.አ. ሽያጩን ከልክላለች።

ታዲያ ምን እንስጥ ካላችሁ፣ እጁን የሚያሠራ ነገር። ወፍራም የሰም ቀለምና ወረቀት፣ ገጹ እንደ ካርቶን የጠነከረ የሥዕል መጽሐፍ፣ አንዱ በሌላው ላይ የሚደረደር ኩባያ። ሁለት ዓመት ካለፈው ደግሞ ሊጥን የሚያህል የለም፣ ወጪውም ትንሽ ነው። 2 ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄትና ግማሽ ብርጭቆ የደቀቀ ጨው አዋህዱ፤ ጨው ካልደቀቀ እጅ ይቆረቁራል። 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ፣ ከዚያ ሦስት ሩብ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ቀስ በቀስ እያፈሰሳችሁ 5 ደቂቃ እሹት። ከተጣበቀ ዱቄት ነስንሱ፣ ከተፈረፈረ እጃችሁን ውሃ እየነከራችሁ እሹ። ለቢጫ እርድ፣ ለሮዝ በውሃው ፈንታ የቀይ ሥር ውሃ (እርድ ልብስ ላይ ከቀረ አይለቅም፣ አሮጌ ልብስ አልብሱት)። ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ ፍሪጅ ክተቱት፣ ሳምንት ያህል ያገለግላል። ጨው ብዙ ስላለው እንዳይበላው ዓይናችሁ አይነቀል።

ደግሞ ሊጡን ሰጥቶ ስልክ ላይ መደፋት የለም። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። በመዳፉ ጠፍጥፎ፣ በጣቱ በሳስቶ ዓይን አውጥቶለት “እንጀራ ነው” ካላችሁ፣ እንጀራ ነው፤ “ይሄማ ወፍራም ነው” ብላችሁ አታርሙት። ቆርሳችሁ የምትበሉ ምሰሉ፣ ወጡን ጠይቁት፣ ከየት እንደሚያመጣው ተመልከቱ። 15 ደቂቃ ይበቃል፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን እንጂ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ልደት የተጠራችሁ ሰዎች፣ ባትሪ ያለው ነገር የግድ እንገዛለን ካላችሁ እዚያው ሱቁ ውስጥ ገልብጡትና የባትሪውን ክዳን በጥፍራችሁ ሞክሩት። በብሎን ካልታሰረና በጥፍር ከተከፈተ መልሱት።